የአባባ አውራ ጣት

ባለፈው ሰሞን ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር፣ ከቤታችን በታች ካለው ቅመም ሻጭ ዘንድ እርድ ልገዛ ገብቼ ሳለሁ፣ ሻጩ ለሌላ ሰው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሲቀዳ ጠርሙሱ አምልጦት ባንኮኒው ላይ ተደፋ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ የመጣሁበትን ረሳሁት። ሰውየው "ያ ኡኽቲ፣ ምን ልስጥሽ?" እያለ ሁለቴ ጠየቀኝ። እኔ እቴ! ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ መካ ነበርሁ፣ እጄ እስከ አንጓዬ በዘይት ተለውሶ የአንድ ሽማግሌ እግር እያሸሁ ነበር። እርዱን ሳልገዛ ወጣሁ።

ሽማግሌው የእናቴ አባት ናቸው፣ ሐጂ ይመር። እስከዚያ ዓመት ድረስ ዓይናቸውን አይቼው አላውቅም። እኛ ጅዳ ጉለይል ሰፈር፣ እሳቸው መካ፤ በመኪና ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ግን እናቴና አባቷ ተኳርፈው ነበር፤ ኩርፊያ ደግሞ ከኪሎ ሜትር ይረዝማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ወጣት ሳሉ ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ሥራቸው ሐረም ውስጥ፣ በመካው ታላቅ መስጊድ፣ በእግሩ መዞር ያልቻለውን ሐጃጅ በዊልቸር እየገፉ ጠዋፍ ማስደረግ፣ ካዕባን ማዞር ነበር። ልጃቸውን መካ ተወልዶ ላደገ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው ለተስተካከለ ሰው ሊድሯት አስበዋል። እሷ ግን በየመን በጀልባ ተሻግሮ የመጣ፣ ጅዳ ወደብ ላይ ዕቃ የሚያወርድ፣ ወረቀት የሚባል ነገር በኪሱ የሌለው ልጅ ወደደች። ያ ልጅ አባቴ ነው። አባባ "ከሄድሽ ልጅ የለኝም፣ ኻላስ፣ ሞታለች እላለሁ" አሉ። እናቴም ሄደች። አፉ በለኝ ሳትል ሄደች።

የኛን አገር እስላሞች ለማያውቅ ሰው ይሄ ምን እንደሆነ ልንገር። እኛ ዘንድ መንገድ የሚወጣ ሰው አፉታ ሳይጠይቅ አይወጣም። የበደልኋችሁ ካለ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። ለጎረቤት ይባላል፣ ለተጣሉት ይባላል፣ ለወላጅማ እንዴት ይቀራል! እናቴ ግን በንዴቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ደረጃውን ወረደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸክም ሆኖባት ኖሯል፣ እኔ አላውቅም ነበር እንጂ።

ያን ዓመት የደወለልን የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ሰዒድ ነው። እናቴ ባሚያ እየቀነጠሰች ነበር። "አባየ ወደቀ" ሲላት ሳህኑ ከጭኗ ተንሸራተተና ባሚያው ምንጣፉ ላይ ተበተነ። የመጀመሪያው ጥያቄዋ "ነፍሱን ያውቃል?" የሚል ነበር። ከስልኩ ውስጥ የአጎቴ ድምፅ "አያውቅም" ሲል እኔም ሰማሁ። ሰው ነፍሱን ካላወቀ የማንን ነፍስ ያውቃል ብዬ ግራ ገባኝ። ልጠይቃት ስል ፊቷን አየሁና ተውሁት፤ ባሚያውን ለቃቀምሁ።

በማግስቱ መካ ገባን። ትምህርት ተዘግቶ ነበር። እናቴ ያን ወቅት "ክረምት" ትለዋለች፤ አገሯ ዝናብ የሚወርድበት ጊዜ ነዋ። እኛ ጋ የወረደው ግን እሳት ነው። አባባ የሚኖሩት ዳገት ላይ በተሠራ አሮጌ ሕንፃ፣ ጣሪያው ላይ በተቀጠለች አንድ ክፍልና አንዲት ማድቤት ነው። ከበሩ ውጭ ሰፊ ሰገነት አለ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ትልቅ የውሃ ታንከር ተቀምጧል። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ አልጋው ላይ አባባ። ዓይናቸው ተከፍቷል። ግን ሲያዩኝ አያዩኝም። ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ።

ሆስፒታሉ እዚህ የምንጨምረው የለም፣ ቤታችሁ አስታምሙት ብሎ መልሷቸዋል። አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ግን እየመጣ ያያቸው ነበር፤ ረጅም፣ ለስላሳ ሰው ነው። እናቴ "ይሰማናል?" አለችው። "እህቴ፣ ዓይኑ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ሲያጎርሱት ይውጣል። ይሄን ሁሉ ገላ ብቻውን ማድረግ ይችላል። ከውስጥ ሰው ይኑር አይኑር ግን እኔም የማይበት መሣሪያ የለኝም" አላት።

በሩን እንደዘጋ ክርክር ተነሳ። ታች የሚኖሩት ጎረቤታችን እትየ ሩቂያ፣ ሩሑ፣ ነፍሱ ማለት ነው፣ ሐረም ውስጥ ናት ባይ ናቸው። "ሠላሳ ዓመት የዞረችበትን ቦታ ትታ እዚህ ጠባብ ክፍል ምን ትሠራለች? ስትጠግብ ትመለሳለች፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ" ይላሉ። አጎቴ ሰዒድ ደግሞ "ሌላውን አይሰማም፣ ቁርአን ግን ይሰማል" ይላል፤ ስልኩን ከትራሱ ሥር አስቀምጦ ቁርአን ይከፍታል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። እናቴ አንዱንም አላመነች።

"ታዲያ ለምን አሁኑኑ አፉ በለኝ አትይውም? ምን ትጠብቂያለሽ?" አላት አጎቴ አንድ ቀን።

"ለግድግዳ አፉ በለኝ አይባልም ሰዒድ! የሚሰማኝ ሲሆን ነው የምለው። ነፍሱን ሲያውቅ ነው የምለው" አለችው።

እናም ጥበቃ ተጀመረ። እናቴ አባቷ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ እንዲነቃ ትጠብቃለች። በጧት ስትነሳ፣ ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ ከማድቤት ስትወጣ "ሀያት፣ አየሽ ወይ? የተለየ ነገር አሳየ?" ትለኛለች። የኔ ሥራ መጠበቅ ነበር፤ ከዙህርና ከዐስር ሶላት በኋላ እግራቸውን በጥቁር አዝሙድ ዘይት ማሸት፣ ከንፈራቸውን በዘምዘም ማርጠብ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ደግሞ በዊልቸራቸው ወደ ሰገነቱ ማውጣት። ዊልቸሩ የሥራቸው ነው፤ ስንት ሺህ ሰው የገፉበት ወንበር ላይ አሁን እሳቸው ተቀመጡበት። መጀመሪያ ላይ ፈራኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሰለቸኝ። በሳምንቱ ወዳጄ ሆኑ።

እንዴት መሰላችሁ? ጅዳ ቁርአን የሚያስቀሩን ኡስታዝ ከሦስት ሰው ላይ ብዕር ተነስቷል ብለው አስተምረውናል፤ ከተኛ፣ ከልጅና አእምሮውን ከሳተ ሰው። የሚሠሩት አይጻፍባቸውም። እኔ አሰላሁት። እኔ ልጅ ነኝ፣ እሳቸው አእምሯቸውን ስተዋል፤ ስለዚህ እኔና አባባ ብቻችንን ስንሆን መላእክቱ ብዕራቸውን አስቀምጠው ያርፋሉ። በመላው መካ ምንም ነገር የማይጻፍባት ቦታ ያቺ ክፍል ናት ማለት ነው! ይሄን ዕድል ማን ይጥላል?

ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ላጲስ የሰረቅሁት እኔ መሆኔን፣ ለእናቴ ጾሜያለሁ ብዬ መታጠቢያ ቤት ውሃ መጠጣቴን፣ የእትየ ሩቂያ ድመት ላይ ውሃ መድፋቴን ሁሉ ነገርኋቸው። ደግሞም ፈተንኋቸው። ክንዳቸውን ቆነጠጥሁ፣ በዓይናቸው ላይ እጄን አወዛወዝሁ፣ ጆሮአቸው ሥር አጨበጨብሁ፤ ምንም። እኔ ዓይኔን ከፍቼ እንደሳቸው ለመሆን ሞከርሁ፤ ምንም ላለማሰብ። "ምንም አላስብም፣ ምንም አላስብም" እያልሁ አሰብሁ። ውስጤ የምታወራዋን ልጅ ዝም ላሰኛት አልቻልሁም። የሳቸውስ ዝም አለች ወይስ እንደኔዋ ታወራለች? ይሄ ሐሳብ ትንሽ አስፈራኝና ተነስቼ ተምር በላሁ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል እናቴ ለአጎቴ "ካልሆነ ሀያትን እዚሁ መካ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ፣ አባየን ጥዬ አልሄድም" ስትለው ሰማሁ። ሰማይ ተደፋብኝ! ጅዳ አባቴ አለ፣ ጓደኞቼ አሉ፣ ባሕሩ አለ። እዚህ ያለው ታንከርና ድመት ነው። ያን ቀን የአባባን እግር ሳላሽ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብዬ "አባባ፣ ቶሎ ይሙቱና ወደ ጅዳ እንመለስ" አልኋቸው። በአንቱታ ነው ደግሞ፤ ባለጌ አይደለሁማ።

በማግስቱ ከዐስር በኋላ ወደ ሰገነቱ አወጣኋቸው። ሲሰለቸኝ የታክሲ ጨዋታ እጫወት ነበር። "ጅዳ፣ ጅዳ፣ ጅዳ! አንድ ሰው የቀረው!" እያልሁ ዊልቸሩን ታንከሩ ዙሪያ እገፋለሁ። ሁልጊዜ በቀኜ ነበር የምዞረው። ያን ቀን እትየ ሩቂያ በዚያ በኩል አንሶላ አስጥተው መንገድ ስለዘጉብኝ በግራዬ ዞርሁ፤ ታንከሩን ወደ ግራ አድርጌ፣ አንሶላው ሥር ስደርስ እያጎነበስሁ። አንዱን ዙር ጨርሼ ላቤን ልጠርግ ስቆም የቀኝ እጃቸው ዓይኔን ሳበው። አውራ ጣታቸው በትንሿ ጣት የታችኛው አንጓ ላይ ተቀምጧል። ገፋሁ። ዙሩ ሲያልቅ አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ተነሳና ወደ ሁለተኛው አንጓ ወጣ። ገፋሁ። ሦስተኛው አንጓ።

አባባ እየቆጠሩ ነበር! ጠዋፍ በግራ ነው የሚዞረው፣ ሰባት ዙር ነው፤ የሚገፋ ሰው ደግሞ ዙሩ እንዳይጠፋበት በጣቱ አንጓ ይቆጥራል። በቀኝ ሳዞራቸው ዝም ያሉት፣ በግራ ስዞር ሥራቸውን ጀመሩ። ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው።

ሌላ ልጅ ቢሆን እየጮኸ ወደ እናቱ ይሮጣል። እኔ ግን በድን ሆንሁ። ውስጥ ሰው ካለ ሰምተውኛል። ላጲሱን ሰምተዋል፣ ድመቷን ሰምተዋል፣ ያንንም ሰምተዋል። ዊልቸሩን ወደ ክፍሉ መለስሁና ከፊታቸው ሳይሆን ከራስጌያቸው ተቀመጥሁ፣ እንዳያዩኝ። እናቴ መጥታ "አየሽ ወይ?" አለችኝ። "ምንም" አልኋት። ወላሂ፣ በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ እንደዚያ ቃል ያነቀኝ የለም።

አራት ቀን እንዲህ ኖርሁ። ልጅ ነኝ እንጂ ሞኝ አልነበርሁም፤ ነገሩ ገብቶኛል። አባባ ከነቁ እናቴ አፉታዋን ታገኛለች፣ እኔ ጉዴ ይፈላል። ካልነቁ እኔ ነፃ ነኝ፣ እናቴ ግን ሸክሟን ይዛ ትቀራለች። እግራቸውን ሳሽ በልቤ "አይስሙ፣ አይደለም ይስሙ፣ አይደለም አይስሙ" እያልሁ እለዋወጣለሁ። በታንከሩ በኩል ደግሞ ጭራሽ አልዞርሁም።

በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ እናቴን ወደ ውጭ ጠራት። ሳንባቸው ውሃ እየያዘ ነው፣ ብዙ አይቆዩም፣ ተዘጋጁ አላት። እሷ አላለቀሰችም። ታንከሩ ሥር ቁጢጥ ብላ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። "ያረቢ፣ አንዲት ደቂቃ! አንዲት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ፣ ሌላ ምን አልሁህ!" ስትል ሰማኋት። እናቴ ማንንም ስትለምን ሰምቻት አላውቅም ነበር።

"እማየ" አልኋት። "አባባ ይቆጥራሉ።"

መጀመሪያ አልገባትም። አሳየኋት። አባባን ዊልቸሩ ላይ አደረግናቸውና በግራ ገፋሁ። አንድ። ጣቱ ተነሳ። እናቴ አፏን በሻርፗ ያዘች። አጎቴ ሰዒድ ይሄኔ ከሥራ ገባና "ምንድነው የምታደርጉት? ታንከር ጠዋፍ ይደረጋል እንዴ! አስተግፊሩላህ!" ብሎ ጮኸ።

"ዝም በል አንተ! ኒያችን፣ ሐሳባችን አየር ማስቀበል ነው፤ ተወን!" አለችው እናቴ፤ ዊልቸሩን ከእጄ ተቀብላ መግፋት ጀመረች።

"እጁ ለምዶ ነው ፋጡማ። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ሰውየው ባይኖርም ይሠራል። ራስሽን አታታይ" አላት፤ ግን እሱም ቆሞ ያይ ነበር።

እናቴ እየገፋች መናገር ጀመረች። "አባየ፣ ፋጡማ ነኝ። አፉ በለኝ።" ሁለት። "ሳላስፈቅድህ ሄድሁ፣ አፉ በለኝ።" ሦስት። "በረመዳን እንኳ አልደወልሁም፣ አፉ በለኝ።" አራት፣ አምስት። ጣቱ እየተነሳ ይቀመጣል። እኔ ከጎን እየሮጥሁ አያለሁ። ስድስት። ሰባት ሲል ጣቱ አንጓው ላይ አረፈ። እናቴ አላቆመችም፤ ስምንተኛውን ዞረች። ጣቱ አልተነሳም። ዘጠነኛውን ዞረች። ጣቱ ያው ሰባት ላይ ነው።

"አየህ ሰዒድ? አየህ? ልማድ ቢሆንማ ይቀጥል ነበር! ሰባት ብሎ ያቆመ ሰው ያውቃል!" አለች። ፊቷ በርቷል። አጎቴ ታንከሩን ተደግፎ ቆመ።

እኔ በዚህ ጊዜ ዋይ ብዬ አለቀስሁ። እናቴ ደንግጣ ዞረች።

"ሰምተውኛል!" አልሁ። "ቶሎ ይሙቱና ወደ ጅዳ እንመለስ ብያቸዋለሁ!"

እናቴ ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ቆይታ "በአንቱታ ነው ያልሻቸው?" አለችኝ። "አዎ በአንቱታ" አልኋት። ሳቋ መጣ፣ ሳቁ ሳያልቅ ዕንባዋ መጣ፣ ጎትታ ደረቷ ላይ አስገባችኝ። "በይ እንግዲህ፣ አንቺም ጠይቂያቸው። እኔ አልሰጥሽም፣ የሳቸው ነው" አለችኝ።

ከዊልቸሩ ፊት ቆምሁ። ዓይናቸው ተከፍቷል። "አባባ፣ አፉ በሉኝ" አልሁ። ጠበቅሁ። እኛ ዘንድ አፉ በሉኝ የተባለ ሰው አፉ ብያለሁ ብሎ ዝም አይልም፤ "አንቺም አፉ በይኝ" ብሎ ይመልሳል፤ የሚያስቀር የለም። አባባ አፋቸው አልተላቀቀም። እኔ ግን ሳይመልሱ የሚቀሩ መስሎ አልታየኝም፣ ብለውኝ ያልሰማሁ ነው የመሰለኝ። ተራዬ ስለሆነ "እኔም አፉ ብያለሁ፣ አባባ" አልሁ።

"ምን አልሽ?" አለችኝ እናቴ ከኋላዬ።

"አፉ ብያለሁ አልኋቸው። እሳቸውም ይጠይቁኛል አይደል? እማየ፣ አንቺ ግን አልመለስሽላቸውም።"

እናቴ አሥር ዓመት ሙሉ አፉ የሚላትን ሰው ስትጠብቅ ኖራለች። "ልጄ ሞታለች" ብሎ ለሰው የተናገረባትን፣ ጋብቻዋ ሲታሰር፣ ኒካሕዋ ላይ ያልተገኘውን፣ እኔ ስወለድ ስም እንኳ ያልላከውን ሰው እሷም ይቅር ማለት እንዳለባት ያን ቀን ነው የታወቃት መሰለኝ። ሽማግሌው መጠየቅ አይችልም። ጠይቆ ቢሆን እንኳ የሚያውቅለት የለም።

ሲሚንቶው ገና የቀን ትኩሳቱን አልለቀቀም ነበር፤ እሷ ግን በጉልበቷ ተንበረከከች። የአባቷን ሁለት እጆች ይዛ ግንባሯን አሳረፈችባቸው። እኔ ሳላስበው የአውራ ጣቱን ነገር ልመለከት አጎነበስሁ፤ የእናቴ ፊት ስለሸፈነው አላየሁትም።

"አፉ ብየሃለሁ፣ አባየ" አለች። "ሁሉንም። አፉ ብየሃለሁ።"

አባባ በሳምንቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሞቱ። በዚያ ክረምት መጨረሻ ወደ ጅዳ ተመለስን። አጎቴ ሰዒድ እስከ ዛሬ እጁ ለምዶ ነው ይላል፤ እትየ ሩቂያ ሩሑ ተመልሳ ነው ብለው ኖረው ሞቱ። እናቴ ግን፣ ከዚያ ከሰገነቱ ላይ ከተነሳችበት ሰዓት ጀምሮ፣ አባቷ ሰምቷት ይሆን አይሆን ብላ ስትጠይቅ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።